ባርሴሎና፣ ማድሪድ ወይስ ሴቪያ?

ስፔንን ለማየት ያሰበ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ባርሴሎናን አስቀድሞ በልቡ ቆርጧል፤ በእግር ኳስ ከልጅነቱ የለመደው ስም ነውና አይፈረድበትም። እኔ ግን ከከተማው በፊት ወሩ ይመረጥ ባይ ነኝ።

ምስክሬ ሴቪያ ነው። በመጋቢት በየመንገዱ ዳር የተተከሉት የብርቱካን ዛፎች ያብቡና ከተማው በመዓዛ ይታጠናል። በሐምሌና በነሐሴ ግን ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ማለፉ ብርቅ አይደለም። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ጀምሮ በፀሐይ የሚንከራተተው እንግዳ ብቻ ነው፤ የአገሩ ሰው መስኮቱን ዘግቶ ጋደም ብሏል።

ወሩ ከተስማማ ግን ከሦስቱ ሴቪያን አስቀድማለሁ። ካቴድራሉ ታላቁ መስጊድ በነበረበት ቦታ የተሠራ ሲሆን፣ ሂራልዳ የሚባለው የደወል ማማም ቀድሞ ሚናራ ነበር። ወደ ላይ የሚወጣው በደረጃ ሳይሆን እየተጠማዘዘ በሚሄድ ዳገት ነው፤ አዛን የሚያሰማው ሰው በከብት ጀርባ እንዲወጣ ታስቦ ነው ይባላል። ዳገቶቹ 35 ናቸው፣ በየመታጠፊያው ቁጥራቸው ተጽፏል፤ ስንት እንደቀረ እየቆጠሩ፣ እያረፉ ይወጣል። ደረጃ የሚገጥመው መጨረሻ ላይ ነው፣ እሱም ጥቂት። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ወላጆችን ይዞ ለሚጓዝ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ባርሴሎና ሕንፃ ማየት ለሚወድና ልጆች ይዞ በበጋቸው ለሚሄድ ይሻላል፤ ባሕሩ እዚያው ከተማው ውስጥ ነው። ሳግራዳ ፋሚሊያ የሚባለው ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1882 ተጀምሮ ዋና አርክቴክቱ ጋውዲ በ1926 በትራም ተገጭቶ ሲሞት ገና ጅምር ነበር። ዓምዶቹ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ እያወጡ ጣሪያውን ይሸከማሉ። ጠዋት በምሥራቁ መስኮቶች ሰማያዊና አረንጓዴ ብርሃን ይገባል፤ ከሰዓት በኋላ በምዕራቡ በኩል ቀይና ብርቱካናማ። እኔ የከሰዓቱን እመርጣለሁ። ትኬቱን ግን ከቤት ሳይወጡ በኢንተርኔት መቁረጥ ነው። በላ ራምብላ ጎዳናና በምድር ውስጥ ባቡር ኪስ አውላቂ አይጠፋምና ቦርሳን ከፊት ማንጠልጠል ይበጃል። ሞንጁዊክ ኮረብታ ላይ ያለውን ስታዲየም ሳያዩ መመለስም ለእኛ ነውር ነው፤ ደራርቱ ቱሉ በ1992 በ10,000 ሜትር ወርቅ ያገኘችው እዚያ ነው።

ማድሪድ ባሕር የለውም፣ በአንድ እይታም አይማርክም። ሥዕል የሚወድ ሰው ግን ሌላ ቦታ አይድከም። ፕራዶ ሙዚየም ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከምሽቱ 12 እስከ 2 ሰዓት በነጻ ያስገባል፤ ሰልፉ ቢረዝምም ቬላስኬዝ በ1656 የሣለው ላስ ሜኒናስ ፊት መቆም ያካክሳል። ገርኒካ የሚባለው የፒካሶ ሥዕል ያለበት ሬይና ሶፊያ ሙዚየምም ከዚያ በእግር የሚደረስ ነው።

በምግብ በኩል በሦስቱም ከተሞች የአሳማ ሥጋ፣ ሃሞን የሚሉት፣ በየምግብ ቤቱ ጣሪያ ላይ ተንጠልጥሎ ይጠብቃል። ለጾመኛ የባርሴሎና ዳቦ በታሸ ቲማቲምና በወይራ ዘይት፣ የሴቪያም ጋስፓቾ የሚባለው ቀዝቃዛ የቲማቲም ሾርባ ጥሩ ነው። ሳልሞሬሆ ጋስፓቾን ስለሚመስል ያታልላል፤ እላዩ ላይ እንቁላልና ሃሞን ይነሰነስበታል።

አራት ቀን ብቻ ያለው አንዱን ከተማ ይያዝ። ሳምንት ያለው ማድሪድ ይረፍ፤ በፈጣኑ ባቡር ባርሴሎናም ሴቪያም ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ከሴቪያ በቀጥታ ወደ ባርሴሎና መሻገር ግን ግማሽ ቀን ይበላል።

ሩጫ የሚወድ ደግሞ ሦስቱንም ትቶ ቫሌንሲያ ቢሄድ አልከራከረውም። ለተሰንበት ግደይ በ2020 የ5,000 ሜትርን፣ በ2021 የግማሽ ማራቶንን የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረችው እዚያ ነው።