«አልሠራልሽም» ላሉኝ መምህር ምስጋና

ይህን ጽሁፍ ልጽፍ ካሰብኩ ቆየሁ። ዲፌንሴ (የመመረቂያ ጽሁፌን ፈታኞች ፊት የምከላከልበት ቀን) ይለፍ ብዬ አዘገየሁት። አለፈ፤ እኔም አለፍኩ። እዳዬን ልክፈል።

የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርቴ ሶሻል ወርክ ነው። የመመረቂያ ጽሁፌን የሠራሁት በዕድር ላይ ነው። አባላት በዕድራቸው ዳኛና ገንዘብ ያዥ ላይ ያላቸው እምነት በምን ይለያያል የሚል። መጠይቁን ይዤ ሰፈር ለሰፈር ዞርኩ። ጫማ ጨረስኩ። ለቅሶ ቤት ድንኳን ሥር ቁጭ ብዬ ሁሉ ያስሞላሁት አለ። ዳታው ኮምፒዩተር ውስጥ ከገባ በኋላ ግን እኔ እሱን አየሁት፣ እሱም እኔን አየኝ። ሌላ ነገር የለም።

ከዚያ ብዙዎቻችን የምናደርገውን አደረግኩ። ምሰሶና ግንብ ላይ የሚለጠፈውን «ሪሰርች እናማክራለን፣ ዳታ እንተነትናለን» የሚለውን ወረቀት አይታችሁታል አይደል? ካንዱ ላይ ስልክ ወስጄ ደወልኩ። ከፈልኩ። በሦስተኛው ቀን 14 ሰንጠረዥ በፍላሽ መጣልኝ። ሲያምር! ኮከብ በኮከብ፤ ኮከቡ «ይሄ በአጋጣሚ የመጣ አይመስልም» የሚል ምልክት ነው። አማካሪዬ አንዱን በእስክሪብቶ ነካ አድርጎ «ይሄን ለምን በሎጂስቲክ ሪግሬሽን ሠራሽው?» ሲለኝ (መልሱ አዎ ወይም አይ ለሆነ ነገር የሚሠራ የትንታኔ ዓይነት ነው) አፌ ተሳሰረ። ለሠራልኝ ልጅ ደውዬ ያንኑ ጥያቄ ጠየቅኩት። «ሲግኒፊካንት የሆነልኝ እሱ ስለሆነ ነው» አለኝ፤ ኮከብ ያወጣልኝ እሱ ነው ማለቱ ነው። በቃ።

ጓደኛዬ ናት ወደ ጋሼ የላከችኝ። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለለመኑኝ እኛ እንደምንጠራቸው ጋሼ ልበላቸው። ዕድሜያቸውን የጨረሱት የሰርቬይ ሥራ ላይ ነው። አሁን ቅዳሜና እሁድ ለሶሻል ሳይንስ ተመራማሪዎች የስታትስቲክስ ሥልጠና ይሰጣሉ። አራት ሳምንት ነው። ገና በሩ ላይ «ጋሼ፣ ክፍያውን ልጨምርልዎትና እርስዎ ይሥሩልኝ» አልኳቸው።

«አልሠራልሽም» አሉኝ። «ግን ግቢ።»

የመጀመሪያው ቀን ኮምፒዩተር አልተከፈተም። መጀመሪያ መብራት ጠፍቶ መስሎኝ ነበር። (መብራቱ በእርግጥም ጠፍቷል። በኋላ ሲመጣም ግን አላስከፈቱንም።) ለሻይ የተዘጋጀውን ቆሎ በትልቅ ሳህን አመጡ። ገብስና ሽምብራ የተቀላቀለበት ነው። እያንዳንዳችን ዓይናችንን ጨፍነን 20 ፍሬ እንድናነሳና ሽምብራውን እንድንቆጥር አዘዙን። አንዱ 5፣ አንዷ 7፣ ሌላው 4። እየተቀበሉ ሰሌዳ ላይ ነጥብ ያደርጋሉ። ነጥቦቹ መሀል ላይ ተከመሩ። አንድ ልጅ ብቻ 13 አለ። ሁላችንም ዞረን አየነው። «ሽምብራ ስለምወድ ዓይኔን ከፈት አድርጌ ነበር» አለ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ጋሼ አልሳቁም። «የእናንተ ቁጥር መለያየት ስታንዳርድ ኤረር ይባላል። ናሙና ካበዛችሁ እየጠበበ ይሄዳል። የሱ ግን ባያስ፣ ወደ አንድ ወገን ማዘንበል ነው። አንድ ሺህ ፍሬ ቢያነሳም አይለቀውም» አሉ። ሁለት ሴሚስተር ተምሬው ያልገባኝ ነገር በአንድ ሳህን ቆሎ ገባኝ።

ቀጥሎ የኔ ተራ ደረሰ። የናሙና ቁጥርሽን እንዴት አመጣሽው አሉኝ። እንደማንኛውም የአገሬ ተማሪ ከጠቅላላው ሕዝብ ስንት ሰው ይጠየቅ የሚለውን በሚያሰላው በያማኔ ቀመር ነው ያመጣሁት። 60 ዕድር፣ በድምሩ 6,000 አባል። የምንታገሰው ስህተት 0.05 ነው፤ 6,000 ሲባዛ በ0.05፣ እንደገና ሲባዛ በ0.05 15 ነው፤ 1 ሲደመርበት 16። 6,000 ለ16 ሲካፈል 375። ከዚያ 15 ዕድር በዕጣ አወጣሁ፤ ከየአንዳንዱም 25 ሰው። ኮራ ብዬ ነው የተናገርኩት።

«ከአንድ ቡሆ የተጋገረ 25 እንጀራ ብትቀምሺ ስለ ሰፈሩ እንጀራ ምን ያህል ታውቂያለሽ?» አሉኝ። ያ ቡሆ ከኮመጠጠ 25ቱም ኮምጣጣ ነው። የአንድ ዕድር አባላትም ዳኛቸው አንድ፣ ሐሜታቸው አንድ፣ መልሳቸውም ይቀራረባል። ያማኔ ግን ሰዎቹ አንድ በአንድ ከጠቅላላው መዝገብ በዕጣ እንደወጡ አድርጎ ነው የሚያሰላው። ሰሌዳው ላይ ሠሩልኝ። የመልሱ መመሳሰል ከ0 እስከ 1 ባለው መለኪያ 0.05 ብቻ ነው ብንል እንኳ፣ ከ25 አንድ ሲቀነስ 24፣ 24 ሲባዛ በ0.05 1.2 ነው፤ 1 ሲደመርበት 2.2። ዲዛይን ኢፌክት የሚሉት ይሄ ነው። 375 ለ2.2 ሲካፈል 170 አካባቢ። ያን ሁሉ ጫማ ጨርሼ በእጄ ያለው የ170 ሰው መረጃ ያህል ነው ማለት ነው። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

በነገራችን ላይ ያማኔ ቀመር ውስጥ ያለው 0.05 እና ፒ-ቫልዩ ላይ የምናየው 0.05 ዘመድ አይደሉም። የመጀመሪያው ምን ያህል ፈቀቅ ብንል እንታገሳለን የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ እንዲህ ያለ ልዩነት በአጋጣሚ ብቻ የሚታይበት ዕድል ከዚህ ካነሰ ኮከብ እንስጠው የሚል ነው። እኔ አንድ ነገር ይመስሉኝ ነበር። አብረውኝ ከሠለጠኑት ውስጥም ብቻዬን አልነበርኩም።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ሳምንት ስታታ እና አር በሚባሉ የዳታ መተንተኛ ፕሮግራሞች ነበር። አር በነጻ ስለሚገኝ እሱን ይመርጣሉ። የተለማመድነው በ2016 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዳታ ላይ ነው። ያኔ ዳታው በነጻ ነበር፤ ተመዝግቦ ጥያቄ ማቅረብ ብቻ ይፈልግ ነበር። እዚያ ውስጥ 15,683 ሴቶች አሉ። ከሐረሪ 906፣ ከኦሮሚያ 1,892። እስቲ አስቡት። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ኦሮሚያ ወደ 27 ሚሊዮን ሕዝብ ነበረው፣ ሐረሪ 183 ሺህ ገደማ። ናሙናው ሲታይ ግን ሐረሪ የኦሮሚያን ግማሽ ሊያህል ምንም አልቀረው። ጥፋት አይደለም፤ ለትንሹ ክልልም የሚታመን ቁጥር እንዲገኝ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ስለ አገሪቱ ስታወሩ ግን ክብደቱን (በናሙናው የበዛውን የሚቀንሰውን፣ ያነሰውን የሚጨምረውን ማስተካከያ) ካላስገባችሁ ሐረር ስለ መላው አገር ትመልስላችኋለች። የክብደቱ ዓምድ ደግሞ ለአንድ ሚሊዮን መካፈል አለበት። ይሄን ሳያውቁ ቁጥሩ አብጦባቸው የደነገጡ ሁለት ልጆች አጠገቤ ነበሩ።

ሌላም አለ። እዚያ ዳታ ላይ ቀኖቹ የገቡት በእኛ አቆጣጠር ነው። ከሌላ አገር ጋር ለማነጻጸር ወደ ፈረንጁ ሲለወጥ በወር ብዛት ተቆጥሮ የተጻፈው ቀን ላይ 92 ወር (7 ዓመት ከ8 ወር) ይደመራል። ጋሼ ይሄን ሲናገሩ እንደ ቤተሰብ ምስጢር ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

ስለ ራሴ ውጤት ልናገር። ያ ልጅ በሠራልኝ ሰንጠረዥ ላይ በጽሁፍ የተቀመጠ መተዳደሪያ ደንብ ያላቸው ዕድሮች አባላት የበለጠ እምነት ነበራቸው። ፒ-ቫልዩው 0.03፣ ከነኮከቡ። ትንታኔው ሰዎቹ በዕድር በዕድር የተሰበሰቡ መሆናቸውን እንዲያውቅ አድርጌ ራሴ ስሠራው 0.17 ሆነ። ኮከቡ ወደቀ። «ጋሼ፣ ጠፋብኝ» አልኳቸው፣ ልቅሶ ልቅሶ እያለኝ። «ምኑ ጠፋ? መጀመሪያም አልነበረሽም» አሉኝ። እንዳለ ጻፍኩት። ልዩነቱ በዚህ ናሙና አልተረጋገጠም፣ ምክንያቱም እንዲህና እንዲህ ብዬ። ዲፌንስ ላይ የውጭ ፈታኙ ብዙውን ጊዜ የወሰዱት እዚያው ገጽ ላይ ነው። ለእያንዳንዱ «ለምን» መልስ ነበረኝ። ሲጨርሱ ገጹን አጥፈው «ይሄን ማን አስተማረሽ?» አሉኝ።

ጉድለትም አለው፤ ልንገራችሁ። ክፍሉ ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለም። ጋሼ ወሬ ከጀመሩ አይመለሱም። ቲ-ቴስትን (አማካይ ማነጻጸሪያውን) በ1908 እ.ኤ.አ. ያወጣው የጊነስ ቢራ ፋብሪካ ሠራተኛ ስለነበረው ጎሴት ሲያወሩ የምሳ ሰዓት አልፎብናል። ፋክተር አናሊሲስን (ብዙ ጥያቄዎችን ወደ ጥቂት መለኪያዎች የሚሰበስበውን ትንታኔ) በጣም ነው የሮጡበት፤ የእናንተ ሥራ በሱ ላይ የቆመ ከሆነ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። የቃለ መጠይቅ ዳታ ብቻ ላላችሁ ደግሞ ይሄ ቦታ አይሆናችሁም። ዲፌንሳችሁ ሳምንት ለቀረውም አይሆንም፤ ያኔ የሚሰማችሁ ጸጸት ብቻ ነው። ከሁሉ የሚጠቅመው መጠይቁን ሳትበትኑ፣ ገና ፕሮፖዛል ላይ እያላችሁ ብትሄዱ ነው። እኔ ያኔ ሄጄ ቢሆን ከ15 ዕድር 25 ሰው ሳይሆን ከ30 ዕድር 12፣ 13 ሰው እወስድ ነበር። ትራንስፖርቱ ይጨምር ነበር እንጂ።

ክፍያው ለዚያ ሰንጠረዥ ካወጣሁት ግማሽ አይሞላም። ለተማሪ በሁለት ጊዜ ይቀበላሉ። ስልካቸውን እዚህ አልለጥፍም። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። አንድ ዙር የሚወስዱት 16 ሰው ስለሆነ ቶሎ ይሞላል።

ጋሼ፣ ይሄን ካነበቡት እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። የምትሄዱ ደግሞ ላፕቶፓችሁን ቻርጅ አድርጋችሁ ሂዱ። ቆሎው እዚያ አለ።