ዱካቲ፣ ያማሃ ወይስ ቦክሰር? ደሴና ኮምቦልቻ ላለ ገዢ

አንድ ቀይ የጣሊያን ሞተር ሳይክል፣ ዱካቲ ፓኒጋሌ፣ በአንዲት ምስማር የተነሳ ኮምቦልቻ ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ ተገትሮ ሲውል አይቻለሁ። የኋላ ጎማው ተበስቷል፤ ሌላ ምንም አልሆነም። ጎሚስታው ጎንበስ ብሎ ዙሪያውን ተመለከተ። እንደለመደው ከጎን ተስቦ የሚወጣ ዘንግ የለም፤ ጎማውን የያዘው አንድ ትልቅ ዳዶ ነው፤ እሱም በሽቦ ቀለበት ተቆልፏል። የሚፈታው በ55 ቁጥር መፍቻ ነው። ሲታሰር ደግሞ እስከ 230 ኒውተን ሜትር መጥበቅ አለበት። ቀኑን ሙሉ የአይሱዙ ጎማ የሚያወርድ ሰው የመፍቻ ሳጥኑን ገልብጦ ፈለገ፤ ልኩ አልተገኘም። በመጨረሻ ቶርኖ ቤት ተኪዶ ከወፍራም ብረት መፍቻ ተሠራ። ለመፍቻው የተከፈለው ቀዳዳውን ለመድፈን ከተከፈለው ብዙ እጥፍ ነበር።

ሞተር ሳይክል ለመግዛት የሚያማክሩኝ ወጣቶች ስለ ፈረስ ጉልበት ይጠይቁኛል፤ ስለ መፍቻ የጠየቀኝ እስካሁን የለም። ስለዚህ እዚህ የማነጻጽረው ፍጥነትን ሳይሆን ከተገዙ በኋላ የሚያስከትሉትን ጣጣ ነው። ሦስቱ እነዚህ ናቸው፦ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ዱካቲ 1199 ፓኒጋሌ፣ ባለ 599 ሲሲው ያማሃ አር 6 እና በየመንገዱ የምናየው ቦክሰር 150። (ባጃጅ ሲባል ባለሦስት እግሩ ቢመጣብንም ቦክሰርም የዚያው ፋብሪካ ልጅ ነው።) ሦስተኛውን ከሁለቱ ጋር ማሰለፌ የሚያስቃችሁ ካላችሁ ትንሽ ታገሡኝ።

ትልቁ ልዩነት ያለው ቫልቭ ላይ ነው፤ አየርና ነዳጅ ወደ ሞተሩ የሚገባበት፣ ጭስም የሚወጣበት በር ማለት ነው። በአብዛኛው ሞተር ውስጥ ቫልቩን ካም የሚባለው የሚሽከረከር ዘንግ ገፍቶ ይከፍተዋል፣ ሞላ መልሶ ይዘጋዋል። ዱካቲ ከ1956 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የያዘው መንገድ ሌላ ነው፦ የሚከፍት አንድ ክንድ፣ የሚዘጋ ሌላ ክንድ። ዴስሞ የሚሉት ይህንን ነው። በከፍተኛ ዙር ሞላው ዘግይቶ ቫልቭና ፒስተን እንዳይጋጩ የታሰበ ብልሃት ነው፤ ለእሽቅድምድም ያማረ ነው። ለባለቤቱ ግን እያንዳንዱ ቫልቭ ከክንዶቹ ጋር የሚለካ ሁለት ክፍተት አለው ማለት ነው፣ አንዱ ለመክፈቻ፣ አንዱ ለመዝጊያ። ፓኒጋሌው ስምንት ቫልቭ ስላለው አሥራ ስድስት ቦታ ይለካል። ልኩ ያለፈበት ቦታ ሲገኝ ሺም የሚባለው ሳንቲም የመሰለ ስስ ብረት በትክክለኛው ውፍረት ይተካል። ፋብሪካው ይህ ምርመራ በየ24,000 ኪሎ ሜትር እንዲደረግ ያዛል። እዚያ ለመድረስ የውጭ ልባሱ፣ የነዳጅ ታንኩና የአየር ማጣሪያው ቤት መውለቅ አለባቸው። በዚህ ሞዴል ሞተሩ ራሱ የሻሲው አካል ስለሆነ ሥራው ሞተር ሳይክሉን ግማሽ ድረስ እንደ መበተን ነው። በአሜሪካ ለዚህ አንድ ሥራ ከአንድ ሺህ ዶላር በላይ ይከፈላል፤ ያውም የሠለጠነ ባለሙያና የተሟላ መሣሪያ ባለበት አገር።

የሚገርመው ዱካቲ ራሱ ይህን ሸክም አውቆታል። በ2020 እ.ኤ.አ. ሙልቲስትራዳ ቪ 4ን ሲያስተዋውቅ ለረጅም ጉዞ በሠራው በዚያ ሞተር ዴስሞውን ትቶ ወደ ሞላ ተመለሰ፤ የቫልቭ ምርመራውም በየ60,000 ኪሎ ሜትር ሆነ። ይህን የሰማ የአንድ ቀይ ፓኒጋሌ ባለቤት ለአንድ ሳምንት ኩርፊያ ላይ ነበር።

አር 6 ላይ ቫልቮቹ አሥራ ስድስት ናቸው፣ ግን ሞላ አላቸው። የሚለካውም አሥራ ስድስት ክፍተት ነው፤ ማስተካከያው ካሙን ማውጣት ይጠይቃል፣ ስለዚህ ቀላል ነው ብዬ አልዋሽም። ልዩነቱ የሚለካው ከ40,000 ኪሎ ሜትር በኋላ መሆኑና የመኪና ሞተር አዘውትሮ የሚከፍት ብልህ መካኒክ መመሪያውን ይዞ ሊሠራው መቻሉ ነው። የቦክሰሩን ደግሞ መካኒኩ ሻይ እስኪቀርብለት ይጨርሰዋል። ሁለት ቫልቭ፣ ሁለት የማስተካከያ ብሎን፣ አንድ የክፍተት መለኪያ።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚያስቀኝ አንድ ነገር አለ። ጋራዣችን የሚናገረው ግማሹ ጣሊያንኛ ነው፤ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ጎሚስታ። የጣሊያን ማሽን ራሱ ሲመጣ ግን ቋንቋው አይገባንም። ፓኒጋሌው ላይ የአገልግሎት ጊዜ ደረሰ የሚለው ምልክት ከበራ ዘይት ስለተቀየረ ብቻ አይጠፋም፤ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚገናኝ መሣሪያና ፕሮግራም ይፈልጋል። በአንጻሩ የዚያ ዘመን አር 6 ሁለት ቁልፎችን ተጭነው መክፈቻውን ሲያዞሩ የምርመራ ገጹን ራሱ ሰሌዳው ላይ ያሳያል። ቦክሰር ችግሩን የሚናገረው በድምፅና በጭስ ነው፤ ያንን የማይሰማ መካኒክ ደግሞ እዚህ የለም።

ዘይት ላይ ብዙ አልቆይም። ትልልቆቹ ከቦክሰሩ እጥፍ በላይ ይጠጣሉ፣ ዓይነቱም ይመረጣል። ጎማ ግን ዋና ወጪ ነው። የፓኒጋሌው የኋላ ጎማ 200/55 ባለ 17 ነው፤ የአር 6ቱ 180/55 ባለ 17። ሁለቱም ለስላሳ ስለሆኑ ከጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ አይዘልቁም፤ የደሴ ኮብልስቶን ደግሞ አይራራላቸውም። ሁለቱንም እዚህ ፈልጌ ከሱቅ አላገኘሁም። 180ው ግን በዓለም ላይ በብዛት የሚሸጥ ልክ ስለሆነ በሰው ለማስመጣት ይቀላል።

አሁን በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ስላለው የሐረጎ ዳገት። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ናቸው። በመካከላቸው ያለው 25 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ነው። ከፍታ በየመቶ ሜትሩ አንድ በመቶ ያህል ጉልበት ይወስዳል፤ ስለዚህ የፓኒጋሌው 195 ፈረስ ጉልበት ደሴ ፒያሳ ሲደርስ ወደ 150 ወርዷል። ያልተጠቀሙበትን 45 ፈረስ እየቀለቡ ነው ማለት ነው። ለትልልቆቹ የምፈርድላቸው ግን አለ። ነዳጃቸው በኮምፒውተር ስለሚመጠን ከሐረጎ ላይ እስከ ታች ራሳቸውን ያስተካክላሉ፤ ነዳጁን ያለ ኮምፒውተር ከአየር ጋር የሚቀላቅል ካርቡራተር ያለው ቦክሰር ኮምቦልቻ ላይ ከተስተካከለ ደሴ ላይ ነዳጅ ይበዛበትና ካንዴላው ይጠቁራል። ቁልቁለት ላይም በከባድ መኪና ኋላ እየተንፏቀቁ ሲወርዱ የቦክሰሩ ከበሮ ፍሬን ይግላል፣ የሁለቱ ዲስክ ግን ስሜቱን አያጣም። በዚህ ብልጫቸው ሙሉ ነው። የፍሬን ዘይታቸው ግን በየሁለት ዓመቱ መለወጥ አለበት፣ ባይነዱም።

ዋጋ በብር አልጻፍኩም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ውሸት ይሆናል። የቦክሰር ዕቃ ባለሱቁ መደርደሪያ ላይ አለ፤ የሁለቱ ግን ከውጭ በሚመጣ ሰው ሻንጣ ውስጥ ነው።

ስለዚህ ለሥራ ከሆነ ቦክሰር ይግዙ፣ ወደ ሌላው አይመልከቱ። ለደስታ ከሆነ አር 6። ፓኒጋሌውን የምመክረው ሌላ የሚሄዱበት ነገር ላለው፣ ሁለት ወር ቆሞ ቢያይ ለማይቆጨውና መካኒኩን ከአዲስ አበባ ለማስመጣት አቅም ላለው ሰው ብቻ ነው። እሱም ቢሆን የሻሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ያመሳክር፤ የ24,000 ኪሎ ሜትሩ የቫልቭ ምርመራ ስለመሠራቱ ወረቀት ይጠይቅ። ወረቀት ከሌለ እንዳልተሠራ ቆጥሮ ዋጋውን ያስቀንስ። ሊያዩት የሚሄዱትም በደሴ ብርድ በማለዳ ይሁን፤ ሻጩ ሞተሩን አሙቆ ከጠበቀዎት ሌላ ቀን ይመለሱ። ደግሞም 55 ቁጥሩ መፍቻ አብሮ ይሸጥ እንደሆነ ይጠይቁት።