“አልወለውልም” ላሉን የደሴው አንጥረኛ ጋሼ ምስጋና

ምስጋናዬ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ብርና ወርቅ ለሚሠሩ አንድ አንጥረኛ ነው። ስማቸውንና ስልካቸውን አላወጣም። “ልጄ፣ ኢንተርኔት ላይ እንዳታወጪኝ፣ ያለኝ ደንበኛ ይበቃኛል” ብለውኛል። የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ እሳቸውን አስፈቅጄ አገናኘዋለሁ። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው፣ እዚህም ጋሼ ይሁኑ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባዬ፣ ነፍሱን ይማርና፣ የአሰብ መስመር ሾፌር ነበር። ሳንቲም መሰብሰብ ይወድ ነበር። ከባቲ የሰኞ ገበያ ማርትሬዛ (የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት የድሮ ብር) ይገዛል፣ ከጓደኞቹ የጣልያን ሊሬ ይለዋወጣል። ሲሞት የምኒልክ ብር፣ የ1923 ማቶኛ (የዚያ ዘመን ሳንቲም)፣ እንግሊዞች ይዘውት የመጡት የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ፣ ጠርዙ የተቀረጠፈው የጃንሆይ ስሙኒ፣ የደርጉ ኒያላ ያለበት አሥር ሳንቲም፣ ሁሉም ለኛ ለልጆቹ ቀረ።

በ2014ቱ ጦርነት ከተማውን ለቀን ስንወጣ አባዬ ሳንቲሞቹን የወተት ጣሳ ውስጥ ከቶ ጓሮ ቀብሯቸው ነበር። ያኔ የደሴ ሙዚየም እንኳን ተዘርፏል፣ ስለዚህ መቅበሩ ልክ ነበር። ተመልሰን ስናወጣቸው አንድም አልጎደለም። እርጥበቱ ግን ሥራውን ሠርቷል። የመዳብ ማቶኛዎቹ ላይ አረንጓዴ ዱቄት ወጥቷል። ብሮቹ ደግሞ ለስላሳ የባንክ ደብተር ማቀፊያ ውስጥ ስለነበሩ የሚያጣብቅ አረንጓዴ ነገር ለብሰዋል። እንደዚያው ሆነው ቁም ሳጥን ውስጥ ከረሙ።

አባዬ ካረፈ በኋላ ምክሩ ከየአቅጣጫው ጎረፈ። አክስቴ በሎሚና በአመድ ይታሹ አለች። ወንድሜ የጥርስ ሳሙና ይሻላል አለ። አንድ ወርቅ ቤት ደግሞ በግራም መዝኖ ለማቅለጥ ሊገዛን ዋጋ ጠራ። በሰው በሰው ጋሼ ጋ የደረስነው በዚህ መሀል ነው።

ይዘን የሄድነው እንዲወለውሉልን ነበር። ጋሼ አንዱን ማርትሬዛ አነሡ። ፊቱን አልነኩትም፣ ጠርዙን ብቻ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ያዙ። ከታች የታጠፈ ነጠላ አንጥፈዋል፣ ድንገት ቢወድቅ እንዳይጎዳ ነው። መብራት ስር አዘንብለው በማጉያ መነጽር አዩትና “አልወለውልም” አሉ። “ይኼ ጥቁረት ቆሻሻ አይደለም፣ ዕድሜው ነው። ብወለውለው ያበራል፣ አንቺም ትደሰቻለሽ። ሰብሳቢ ግን ዞር ብሎ አያየውም።” ሎሚውም አመዱም የጥርስ ሳሙናውም የብሩን ፊት በጥቃቅን ጭረት ይሞሉታል፣ የተጫረ ብር ደግሞ አይመለስም። ብር አቅልጦ የሚያድር ሰው ብር እንዳይነካ ሲከራከር ማየት ገረመኝ። ሥራውን ቢሠሩት ገንዘብ ነበረው እኮ!

ከዚያ የማልረሳውን ነገር አሳዩኝ። ቀጭን የመዳብ ሽቦ በእሳት አጋሉ። የጋለውን ጫፍ የባንክ ደብተር ማቀፊያው ላይ ነካ አድርገው መልሰው እሳቱ ውስጥ አስገቡት። ነበልባሉ አረንጓዴ ሆነ። “ይኸውልሽ ጠላትሽ” አሉ። ፕላስቲኩ ፒቪሲ ነው ማለት ነው። ውስጡ ክሎሪን አለ፣ ሲያረጅ አሲድ እያወጣ ሳንቲሙን ይበላዋል። ያ የሚያጣብቀው አረንጓዴ ነገር ከዚያ የመጣ ነው። ጭሱ መጥፎ ስለሆነ ይህን ሙከራ ቤት ውስጥ ልጅ ባለበት እንዳትሞክሩት። ቀላሉ መለያ ይሄ ነው፦ ፕላስቲኩ ለስላሳ፣ ተጣጣፊና አዲስ ጫማ አዲስ ጫማ የሚሸት ከሆነ ሳንቲም አታስገቡበት።

የሚያጣብቀውን ነገር በንጹሕ አሴቶን አስለቀቁት። በመስታወት ብርጭቆ ነከሩ፣ ምንም ሳያሹ አወጡ፣ በራሱ እንዲደርቅ ተዉት። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ግን አይሆንም፣ ሽቶና ቅባት አለበት። አሴቶን እሳት ቶሎ ይይዘዋል፣ የቡና ከሰል ባለበት ክፍል አይከፈትም። አረንጓዴ ዱቄት ያወጡትን ማቶኛዎች ለብቻ ለዩዋቸው። እሱ ሕመም ነው፣ እርጥበት ካገኘ ይብሳል፣ ስለዚህ ከሌሎቹ ጋር አይቀመጡም፣ ደረቅ ቦታ ይፈልጋሉ።

መሀል ላይ የታሪክ ትምህርትም ነበረው። ማርትሬዛ ሁሉ ማለት ይቻላል በፈረንጅ 1780 ይላል፣ ንግሥቲቱ የሞተችበት ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ግን በቪየና፣ በሮም፣ በለንደን፣ በቦምቤይ ሳይቀር በዚያው ዓመተ ምሕረት ሲመታ ኖሯል። ስለዚህ “የ1780 ብር አለኝ፣ ሀብታም ነኝ” ማለት አይሠራም። ሙሉው 28 ግራም ያህል ይመዝናል፣ ከሺህ 833 እጁ ንጹሕ ብር ነው። ጋሼ እያንዳንዱን በሚዛናቸው መዘኑልን። አንዱ በጣም ቀለለ። “አባትሽ እዚህ ጋ ተሸውዷል” ብለው ሳቁ። የድሮ ነጋዴ የንግሥቲቱን ጌጥ ነቁጥ እየቆጠረ ነበር የሚቀበለው አሉኝ። አባዬ መቼም ለመቁጠር ትዕግሥት አልነበረውም።

አሁን ወደ አቀማመጡ ልምጣ፣ ብዙዎቻችሁ ቤታችሁ የአያት ብር እንዳለ አውቃለሁና። እያንዳንዱ ሳንቲም ለብቻው ነው የሚቀመጠው። ጋሼ ወርቅ ቤቶች ጉትቻ የሚያደርጉባትን ትንሽዬ ዚፕ ያላት ፕላስቲክ ሰጡን። እሷንም በሽቦው ፈትነዋታል፣ ነበልባሉ አረንጓዴ አልሆነም። ሳንቲሞቹን የብር ማሰሪያ ላስቲክ፣ ጋዜጣና የሱፍ ጨርቅ አያስነኩም። ከነዚህ የሚወጣ ድኝ ብርን ያጠቁራል። እጅ ታጥቦ ደርቆ ነው የሚነካው፣ ላብም ይበላዋል። አባዬ በእጁ የጻፋቸውን ወረቀቶች አልጣልንም፣ በሌላ ከረጢት ለብቻ አኖርናቸው።

አክስቴ ለማስቀመጫ የጽድ ሳጥኗን ልትሰጠን ነበር። ጋሼ አልተስማሙም። ጽድ ለልብስ ጥሩ ነው፣ ብል ያባርራል፣ ሽታውና ሙጫው ግን ለሳንቲም አይሆንም። ወደ አንድ የበርና መስኮት ሠሪ ልጅ መሩን፣ እሱንም በዚሁ አመሰግናለሁ። ከወፍራም ላሜራ ትንሽ ሳጥን ሠራልን። ቁልፉ ከውስጥ ነው፣ ጓጉንቸር የለውም። ጓጉንቸር ያለው ሳጥን ለሌባ እዚህ ጋ ነኝ ይላል። ቀለም ቀብቶ ያንኑ ቀን ሊያስረክበን ሲል ጋሼ ከለከሉት፤ የቀለሙ ሽታ ጨርሶ እስኪጠፋ ክፍቱን ቆየ። ከዚያ በብሎን ከቤቱ ኮለን ጋር አሰረው። ቤታችሁ የጭቃ ግድግዳ ከሆነ ግድግዳው ላይ ማሰር ትርጉም የለውም፣ ሌባው ከነግድግዳው ይነቅለዋል።

ከውጭ የሚመጣው እሳት የሚቋቋም ካዝና አይሻልም ወይ ብዬ ጠይቄያለሁ። ለሰነድ ይሻላል። ለሳንቲም ግን የካዝናው ግድግዳ ሙሌት እርጥበት የያዘ ስለሚሆን ውስጡ ሊረጥብ ይችላል። የደሴ ክረምት ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ የጦሳ ተራራ ጉም ከለበሰ ልብስም አይደርቅም። ኮምቦልቻ ያለችው ታናሽ እህቴ “እኔ ጋ ይቀመጡ፣ እዚህ ይሞቃል” ስትል ነገሩ እውነት አለው። እኛ ግን ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘውን እርጥበት መጣጭ ከረጢት ሳጥኑ ውስጥ ጨምረናል፣ ክረምት ሲገባ እንቀይራታለን። ሳጥኑም ከወለሉ ከፍ ያለ ነው፣ ከማድ ቤቱም ይርቃል።

የሁሉንም ፊትና ጀርባ በስልክ አንሥተናል፣ ክብደታቸውን ጽፈናል። ዝርዝሩ ያለው እህቴ ጋ ኮምቦልቻ ነው። አንድ ነገር ቢፈጠር ለፖሊስ “ብር ጠፋብን” ከማለት ፎቶ ማቅረብ ይሻላል። የቀረውን ጥበቃ አፍ መዝጋት ይሠራዋል፣ ሳጥኑ የት እንዳለ ከቤተሰቡም ሁሉም አያውቅም። አሜሪካ ያለው ወንድሜ ድርሻዬን ላኩልኝ ብሎ ነበር። ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንደማይወጣ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ተደንግጓል፣ ስለዚህ መጀመሪያ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣንን ጠይቁ። ወንድሜ ለጊዜው በፎቶው እየተጽናና ነው።

ጋሼ ለዚህ ሁሉ የተቀበሉኝ የአሴቶኑንና የፕላስቲኩን ዋጋ ብቻ ነው። የሙያ ልክፈል ስላቸው “አብሽሪ፣ የእናትሽ አንገት ጌጥ ሲበጠስ ታመጪልኛለሽ” አሉኝ። አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ብር ማስጠገን፣ ቀለበት ማስጠበብ ወይም የአያታችሁን ማርትሬዛ ማስመዘን የምትፈልጉ በእርግጠኝነት ወደሳቸው ሂዱ። ጠዋት ብትሄዱ ይመረጣል፣ ከሰዓት ዓይናቸው ይደክማል። ጁምዓ ከሰዓት በፊት አትሂዱ፣ አታገኟቸውም። ሳንቲም ልታስወለውሉ ከሆነ ግን አትድከሙ፣ መልሳቸውን ነግሬያችኋለሁ።

በውስጥ መስመር “የምኒልኩን በስንት ትሸጪዋለሽ?” ብላችሁ የምትጽፉልኝም አትድከሙ። አይሸጥም።