የሕፃናት ዳሌ አልትራሳውንድና የደም ዝውውር ምርመራ በጅማ፦ አምስት ጊዜ ከተመላለስንበት ማዕከል

ልጄ በመቀመጫዋ ስለመጣች የተወለደችው በኦፕራሲዮን ነው። ገና ከሆስፒታል ሳንወጣ የመረመራት ሐኪም ጭኖቿን አጥፎ ወደ ውጭ ሲከፍት የግራው መገጣጠሚያ ላላ ያለ ሆኖ ስለተሰማው፣ ስድስት ሳምንት ሲሞላት የዳሌ አልትራሳውንድ እንድናስነሳት ጽፎ ሰጠን። በመቀመጫቸው የመጡ፣ ሴት የሆኑ፣ የመጀመሪያ ልጅ የሆኑ፣ ከቤተሰባቸውም የዳሌ ውልቃት ያለበት ሰው ያላቸው ሕፃናት ለዚህ ችግር ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው፤ የእኔ ልጅ ከእነዚህ ሦስቱን አሟልታ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በሁለት ወር ውስጥ ሄርማታ አካባቢ ወደሚገኝ አንድ የግል የምርመራ ማዕከል አምስት ጊዜ ተመላልሰናል። የማዕከሉን ስም አልጠቅስም። አገልግሎቱን ግን እዚህ ጅማ ተመሳሳይ ወረቀት ተጽፎላቸው ወዴት እንደሚሄዱና ምን መጠየቅ እንዳለባቸው ግራ ለሚገባቸው ወላጆች ስል በዝርዝር እጽፈዋለሁ።

የመጀመሪያው ምርመራ ያለ ችግር አለፈ። ብዙ ሰው «ራጅ ብታነሷት አይሻልም ወይ?» ይላል። በዚህ ዕድሜ የጭን አጥንት ራስ ገና ልም አጥንት በመሆኑ በራጅ አይታይም፤ አጥንት መሆን የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ነው። አልትራሳውንድ ግን ልም አጥንቱንም፣ የጭን አጥንቱን ራስ ያቀፈውን የዳሌ ጉድጓድም አጥርቶ ያሳያል፤ ጨረርም የለውም። ኦስትሪያዊው የአጥንት ሐኪም ራይንሃርድ ግራፍ እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተመው ዘዴ መሠረት የጉድጓዱ ጣሪያ በማዕዘን ይለካል፤ 60 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ ጤነኛ ይባላል። የልጄ ቀኝ 62፣ ግራ 47 ሆነ። የአጥንት ሐኪሙ ውጤቱን አይቶ የፓቭሊክ ማሰሪያ አዘዘላት፤ እሱንም በዘመድ በኩል ከአዲስ አበባ አስመጣን።

ማሰሪያው ከትከሻ ተነስቶ እግር ላይ የሚያልቅ የጨርቅ ቀበቶ ሲሆን ጭኖቿን አጥፎና ከፈት አድርጎ ይይዛል፤ የጭን አጥንቱ ራስ ጉድጓዱ ውስጥ ተረጋግቶ ሲቀመጥ ጉድጓዱም በጊዜ ብዛት ይጠልቃል። እናቴ መጀመሪያ ወጌሻ ይያት ብላ ነበር። ሐኪሙ ግን ሕፃን በአንቀልባ ስትታዘል እግሯ የሚይዘው ቅርጽ ማሰሪያው ከሚሰጠው ጋር እንደሚቀራረብ፣ ጎጂው እግርን አቅንቶ አጥብቆ መጠቅለልና በቅቤ ሲያሹ ጉልበትን መጎተት መሆኑን ሲያስረዳት ከሁላችንም ይልቅ የማሰሪያው ጠባቂ እሷ ሆነች።

የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ ከዚህ በኋላ የመጣው የደም ዝውውር ምርመራ ነው። የጭን አጥንት ራስ ደም የሚያገኘው በአጥንቱ አንገት ዙሪያ ከሚያልፉ ቀጫጭን የደም ሥሮች ሲሆን፣ ጭን ከመጠን በላይ ወደ ውጭ ተከፍቶ ከተያዘ እነዚህ ሥሮች ሊጨቆኑ ይችላሉ። ደም ለረጅም ጊዜ የተቋረጠበት የአጥንት ራስ ይሞታል፣ ቅርጹም ይበላሻል፤ ይህ ጉዳት ደግሞ ከበሽታው ሳይሆን ከሕክምናው የሚመጣ ነው። ምርመራው ለሁሉም ሕፃን በዘወትርነት የሚታዘዝ አይደለም። የእኛ ሐኪም ያዘዘው ማሰሪያው ከታሰረ ከአሥር ቀን በኋላ የግራ ጭኗ በጣም ተከፍቶ ስላየው ነው። ዶፕለር የሚባለው ይህ ዘዴ ስያሜውን ያገኘው ሞገድ ከሚንቀሳቀስ ነገር ሲመጣ ድግግሞሹ እንደሚለወጥ እ.ኤ.አ. በ1842 ካስረዳው ከክርስቲያን ዶፕለር ሲሆን፣ መሣሪያው የሚንቀሳቀሰውን ደም በግራጫው ምስል ላይ በቀለም ያሳያል።

ቅሬታዬም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በዚያ ቀን የመረመራት ወጣት ባለሙያ ልጄ ክፍሉ ቀዝቅዟት፣ ቆዳዋ ላይ የተቀባው ጄልም በርዷት እየጮኸችና እየተራገጠች ሳለ ጥቂት ደቂቃ ሞክሮ «የደም ዝውውር አልታየም» ብሎ ጽፎ ሰጠን። ሌላ ቃል አልጨመረም። ወረቀቱን ይዘን በባጃጅ ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ ቃል አልተናገረችም፤ እኔም ሌሊቱን ሙሉ የልጄን እግር እየዳሰስኩ አነጋሁ። «አልታየም» ማለት «የለም» ማለት እንዳልሆነ የሚነግረን ሰው ቢኖር ኖሮ ያ ሌሊት ባልነበረ። የጨቅላ ሕፃን ደም ሥር እጅግ ቀጭን፣ ፍሰቱም ዝግተኛ ነው፤ ሕፃኑ ሲወራጭ ምስሉ በሐሰተኛ ቀለም ይሞላል፣ መሣሪያው ለፈጣን ፍሰት ተስተካክሎ ከሆነ ደግሞ ዝግተኛውን ጨርሶ አያሳይም። ባለሙያው ልጄን በማስቸገሩ አልወቅሰውም፤ የምወቅሰው ሳያብራራ በመጻፉና ሌላ ቀን እንድንመለስ ባለመጠየቁ ነው።

በማግስቱ ማለዳ ተመልሰን የማዕከሉን ራዲዮሎጂስት፣ ማለትም የምርመራ ምስል የምታነብ ሐኪም፣ አገኘን። ዶክተሯ የቀደመውን ወረቀት አንብባ ምንም አልተናገረችም፤ መጀመሪያ ማሞቂያውን አስለኮሰች፣ የጄሉን ጠርሙስ ሙቅ ውሃ ውስጥ አስቀመጠች፣ ከዚያም ልጄን አልጋው ላይ ተቀምጬ እንዳጠባት አደረገች። ልጅቷ ጠግባ ዓይኗ ሲከደን የእናቴን ጋቢ ጠቅልላ ከጀርባዋ አስደገፈችና በጎኗ አስተኛቻት። ማሰሪያውን ሳትፈታ መመርመሪያውን ከዳሌዋ ጎን አሳርፋ፣ መሣሪያውን ለዝግተኛ ፍሰት አስተካክላ፣ እጇን ሳታንቀሳቅስ ጠበቀች። የአጥንቱን ራስ በሚያሳየው ግራጫ ክብ ውስጥ መጀመሪያ አንድ፣ ቀጥሎ ሁለት ብርቱካናማ ነጥቦች ብልጭ ብለው ጠፉ፤ እንደገናም በልብ ምት ልክ ይመላለሱ ጀመር።

እናቴ «ዶክተር፣ ደሙ አልቆመም ማለት ነው?» አለች።

«አልቆመም፤ ይኸው ይዩት እማማ» ብላ ስክሪኑን ወደ እሷ አዞረችላት።

ከዚያም ያደረገችው ነገር ለእኔ የዚህ ማዕከል ትልቁ ዋጋ ነው። የልጄን ግራ ጭን በመዳፏ ይዛ ማሰሪያው ከሚይዘው ትንሽ ወደ ውስጥ መለስ ስታደርገው ነጥቦቹ በዙ፤ ማሰሪያው ወደሚይዝበት ቦታ ስትመልሰው አነሱ። ቀኙንም በተመሳሳይ ሁኔታ አይታ አነጻጸረች። ማሰሪያውን ራሷ አልነካችውም፤ ወዲያው ለአጥንት ሐኪማችን ደውላ ያየችውን ነገረችው። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ የኋላውን ማሰሪያ አላልቶ እዚያው ጨርቁ ላይ በእስክሪፕቶ መስመር አሰመረና ከዚያ በላይ እንዳናጠብቀው አስጠነቀቀን። የአራተኛው ምርመራ ሁለቱም ዳሌዎች እኩል ደም እንደሚያገኙ አሳየ፤ በአምስተኛው የግራው ማዕዘን 61 ደረሰ። ስድስት ወር ሲሞላት ራጅ እንድትነሳ ቀጠሮ ተይዞላታል።

ሌሎች ጉድለቶችም አሉ። ዶፕለሩ ከተራው የዳሌ አልትራሳውንድ ሌላ ክፍያ እንዳለው የተነገረን ምርመራው ካለቀ በኋላ ነው፤ ካርድ ክፍሉ ላይ አስቀድሞ ቢነገር ምን ነበረበት? ተራ አጠባበቁም ለሕፃን አይመችም፤ አንድ ጊዜ ሁለት ሰዓት ያህል ጠብቀን ገና ስሟ ሲጠራ ልጅቷ በረሃብ ትጮህ ነበር። ውጤቱም ሲታተም የማዕዘኑ ቁጥር ይጻፍበታል እንጂ ጭኗ በምን ያህል ተከፍቶ ሳለ ደሙ እንደታየ አይጻፍበትም፤ የኋለኛው ሐኪም ከቀዳሚው ጋር ሊያነጻጽር የሚችለው ግን ይህ ሲታወቅ ነው። እኔ ስጠይቅ ዶክተሯ በእጇ ጽፋ ጨመረችልኝ፤ ሌሎችም ይጠይቁ።

ወደዚህ ማዕከል የምትሄዱ ከሆነ ካርድ ከማውጣታችሁ በፊት ራዲዮሎጂስቷ የምትገባበትን ቀን ጠይቁና በዚያ ቀን ማለዳ ሂዱ። ለልጁ ቤት ጡት አትስጡት፣ እዚያው ጡት ስጡት፤ ጋቢም ያዙ። ማሰሪያ ካለው ደግሞ አትፍቱት፤ መታየት ያለበት ማሰሪያው እንዳለ ነውና።