የዴንማርኩ «ዘ ኪሊንግ»፦ አንድ ግድያ በ20 ክፍል

መጀመሪያ የትኛውን እንደምታዩ ለዩ። በዚህ ስም ሁለት ተከታታይ ድራማዎች አሉ። አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. በ2011 ታሪኩን ወደ ሲያትል ወስደው ሠርተውታል፤ እዚያ የገዳዩ ማንነት የሚታወቀው ሁለተኛው ምዕራፍ ሲያልቅ ነው፤ ገዳዩም ሌላ ሰው ነው። እዚህ የምንገመግመው ግን ዲ አር የተባለው የዴንማርክ ጣቢያ በ2007 ያሳየውን ዋናውን ነው። የመጀመሪያው ምዕራፍ 20 ክፍል አለው፤ አንዱ ክፍል አንድ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ያበቃል፣ የምርመራውንም አንድ ቀን ይይዛል። ጉዳዩ በ20ው ውስጥ ይቋጫል።

ሶፊ ግሮበል የምትጫወታት ሳራ ሉንድ የኮፐንሃገን የግድያ መርማሪ ናት። ድራማው ሲከፈት የመጨረሻ የሥራ ቀኗ ነው፤ ከልጇ ከማርክ ጋር እጮኛዋ ቤንግት ወዳለበት ወደ ስዊድን ልትሄድ ተነሥታለች። ተተኪዋ ያን ማየርም ቢሮው ደርሷል። በዚህ መሃል የ19 ዓመቷ ናና ቢርክ ላርሰን አስከሬን ውሃ ውስጥ ከሰጠመ መኪና የኋላ ዕቃ መጫኛ ይወጣል። መኪናው ደግሞ የከንቲባነት ዕጩው የትሮልስ ሃርትማን የምርጫ ዘመቻ ንብረት ነው።

አብዛኛው የመርማሪ ድራማ የመርማሪውን ትዳርና ልጅ ለማጣፈጫ ያህል ጣል ያደርጋል። እዚህ ግን የምርመራው ስህተት የሚወለደው ከቤትና ከሥራ ጫና ነው። ዕጩ ተወዳዳሪ ስለተነካ አለቆች መዝገቡ ቶሎ እንዲዘጋ ይፈልጋሉ፤ ስለዚህ ማስረጃው ሳይጠና «የሚመስለው» ሰው ተጠርጣሪ ይሆናል። በናና መምህር ላይ የሆነውን ልብ በሉ፦ ጥርጣሬው ከፖሊስ ቢሮ ሾልኮ ሐዘንተኞቹ ቤት ሲደርስ የፍርድ ያህል ይከብዳል። ሉንድ በበኩሏ የያዘችውን ፍንጭ ለባልደረባዋ ሳትናገር ትሄዳለች። ልጇን በየቀኑ «ነገ» ትለዋለች። ቤንግት ራሱ የወንጀል ሥነ ልቦና ባለሙያ በመሆኑ ቤት ስትገባም መዝገቡ አብሯት ይገባል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የሟች ቤተሰብ ታሪክ ነው። አባቷ ታይስ አስከሬኑ የተገኘበት ቦታ ሲደርስ እናቷ ፔርኒለ በስልክ ትሰማለች፤ የምታየው ነገር የለም፣ ድምፁ ብቻ ነው የሚነግራት። ከዚያ በኋላ ካሜራው ትቷቸው አይሄድም። ቀብሩ፣ የዕቃ ማጓጓዣ ድርጅታቸው ሥራ፣ ሁለቱ ትንንሽ ወንዶች ልጆች፣ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ፣ ሁሉም በቦታው አለ። ፖሊስ ያወቀውን ሲደብቃቸው ዝምታውን ወሬ ይሞላዋል፤ ወሬው ደግሞ ሰው ያስደበድባል። ሐዘን ምርመራን እንዴት እንደሚያበላሽ በዚህ ጥራት ያሳየ ድራማ ጥቂት ነው።

ጉድለቱም ቀላል አይደለም። ከግማሽ በኋላ የማዘጋጃ ቤቱ ፖለቲካ ይደጋገማል፦ አንዱ ይደብቃል፣ ይጋለጣል፣ ወዳጆቹ ይከዱታል። ሁለት ወይም ሦስት ክፍል ቢቀነስ አይጎዳም ነበር። ሉንድ በሌሊት የእጅ ባትሪ ይዛ ብቻዋን ጨለማ ሕንፃ የምትገባበትም ልማድ ለውጥረት ሲባል የተሠራ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ለሁለት ነው የሚገባው፤ ለደኅንነት ብቻ ሳይሆን፣ አንድ መኮንን ያለ ምስክር ያገኘውን ማስረጃ ተከላካይ ጠበቃ በቀላሉ ጥያቄ ውስጥ ስለሚከተው ጭምር። በየክፍሉ መጨረሻ አዲስ ተጠርጣሪ እየመጣ በቀጣዩ ሲለቀቅ ደግሞ ስልቱ ይነቃበታል። በጣም ለሚጠራጠር ተመልካች የምንመክረው፦ ሰውየው መዋሸቱን ብቻ አትዩ፣ የሚዋሸው ምን ለመሸፈን እንደሆነ ጠይቁ። እዚህ ብዙው ሰው የሚዋሸው ከግድያው ጋር በማይገናኝ ኃፍረት፣ በፍቅር ወይም በሥልጣን ምክንያት ነው።

ድራማውን እንዴት ማየት እንደሚሻል በተመለከተ፣ በአንድ ቁጭታ ሁለት ክፍል ይበቃል፤ ቢቢሲም በ2011 ለእንግሊዝ ተመልካች ሁለት ሁለቱን አከታትሎ ነበር ያሳየው። ዕረፍት ካስፈለገ ክፍል 10 ላይ ይሁን፤ ዴንማርክ ውስጥም እዚያ ላይ ተቋርጦ የቀረው ከወራት በኋላ ነው የታየው። ቋንቋው ዴንማርክኛ ስለሆነ በግርጌ ጽሑፍ ተከታተሉት፤ ሉንድ በዝምታ የምትለው ብዙ ነውና በሌላ ድምፅ የተተካውን ተዉት። ስልክ እየነካኩ ማየትም አይቻልም፣ አንድ መስመር ካመለጠ የሚቀጥለው ትዕይንት ይጠፋል። የገጸ ባሕርያቱን ስም ኢንተርኔት ላይ አትፈልጉ። ሁለተኛው (2009) እና ሦስተኛው (2012) ምዕራፍ እያንዳንዳቸው 10 ክፍል ናቸው፤ ጉዳያቸው አዲስ ቢሆንም ቀድመው ከታዩ የመጀመሪያውን መጨረሻ ይገልጡባችኋል።