ሞቶጂፒ ከፍሎ ማየት ያዋጣል? ቅዳሜ አዎ፣ እሁድ ደግሞ እንደ ቀኑ

የ2025ን (በፈረንጅ አቆጣጠር) የሞቶጂፒ፣ ማለትም የዓለም የሞተር ሳይክል ሻምፒዮና፣ ሲዝን ከፍዬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አየሁ። 22 ግራንድ ፕሪ፣ እያንዳንዱ የሦስት ቀን ውድድር። ዓርብ ልምምድ፣ ቅዳሜ ማጣሪያና አጭሩ ውድድር፣ እሁድ ዋናው። ሁሉንም ካላየሁ የምትሉ ከሆነ ትሰለቻላችሁ፣ እኔም ግማሽ ላይ ሰልችቶኝ ነበር።

የዚህ ነገር ምርጡ ክፍል ቅዳሜ ነው። ስፕሪንት የሚባለው ይህ አጭር ውድድር በ2023 ሲጀመር "ገንዘብ ፍለጋ ነው" ብዬ አጣጥዬው ነበር፣ ተሳስቻለሁ። የእሁዱን ግማሽ ርቀት ነው የሚሄደው፣ በ20 ደቂቃ ገደማ ያልቃል። ጎማ ልቆጥብ፣ ነዳጅ ላስላ የሚል የለም። የመነሻው መብራት ሲጠፋ ሁሉም ነገ የሌለ ይመስል ይነዳል። ለአሸናፊው 12 ነጥብ ይሰጣል፣ እሁድ ላይ 25 ነው። ትንሽ መስሎ የታያችሁ 2024ን አስታውሱ፦ ጣሊያናዊው ነጂ ባኛያ እሁድ እሁድ 11 ጊዜ አሸነፈ፣ ስፔናዊው ሆርሄ ማርቲን 3 ጊዜ ብቻ፣ ዋንጫውን ግን በ10 ነጥብ በልጦ የወሰደው ማርቲን ነው። ምክንያቱም ባኛያ ቅዳሜ ላይ ደጋግሞ ባዶ እጁን ሲመለስ ማርቲን እያንዳንዷን ነጥብ እየለቀመ ነበር።

እሁድ ላይ ግን ቅር ይለኛል። ችግሩ የፊት ጎማ ነው። ሌላ ሞተር ተከትለህ ስትሄድ ከፊትህ የሚመጣው አየር ይሞቃል፣ ጎማህ ይግላል፣ ግፊቱ ይጨምራል፣ ከዚያ መታጠፊያ ላይ መሬቱን መያዝ ያቅተዋል። ስለዚህ ለመቅደም የምትፈልገው ሰውዬ ጋ በቀረብክ ቁጥር መቅደም ይከብድሃል። በዚያ ላይ የጎማው የአየር ግፊት ከተወሰነ መጠን ከወረደ ደግሞ ቅጣት አለ፣ በእሁዱ ውድድር 16 ሰከንድ። ደንቡ ለደህንነት የወጣ ነው፣ ይገባኛል። ግን ታይላንድ ቡሪራም ላይ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ስፔናዊው ማርክ ማርኬዝ ለሞተር አምራቹ ዱካቲ የራሱ ቡድን የመጀመሪያ የእሁድ ውድድሩ ነው፣ እየመራ ነው፣ ማንም አልደረሰበትም፣ ድንገት ፍጥነት ቀነሰና ወንድሙን አሌክስን አሳለፈው። እኔ ሞተሩ ተበላሸ ብዬ ከወንበሬ ተነሳሁ። ለካ የፊት ጎማው ግፊት ስላነሰ ከወንድሙ ጀርባ ሆኖ ሊያሞቀው ፈልጎ ነው! ብዙ ዙር እንደዚያ ሄዶ ሊያልቅ ሲል ቀደመውና አሸነፈ። ብልህነቱን አደንቃለሁ፣ ግን እኔ የከፈልኩት ፉክክር ለማየት ነበር፣ ጎማ ሲሞቅ ለማየት አይደለም።

ምስሉ ላይ ምንም አቃቂር የለኝም። ነጂው ትከሻ ላይ የምትታሰረዋ ካሜራ ብቻዋን ለክፍያው ትበቃለች። ሰውዬው ክርኑን አስፋልት ላይ እየጎተተ ሲታጠፍ እናንተም ሶፋው ላይ ታዘነብላላችሁ። ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ሲበር ቆይቶ ፍሬን ሲይዝ የሰውነቱ መንቀጥቀጥ ይታያል። ከውጪ በተቀረጸው ምስል ግን ፍጥነቱ እንደ ቀልድ ነው የሚመስለው።

የምጠቀምበት መተግበሪያ ግን አናዶኛል። ስሙን አልጠራም። ቀጥታው አምልጦኝ ድጋሚውን ልይ ብዬ ስከፍት የመጀመሪያው ፎቶ አሸናፊው ሻምፓኝ ሲረጭ ነው። አንድ ጊዜ ቢሆን ምንም አልልም። አሁን ስክሪኑን በእጄ ሸፍኜ ነው የምከፍተው፣ ቤተሰቡ ይስቅብኛል።

እሁድ ከተቀመጣችሁ አይቀር ሞቶ3 የሚባለው የትናንሾቹ ምድብ አያምልጣችሁ፣ ከዋናው በፊት ነው የሚሮጠው። ባለ 250 ሲሲ ትናንሽ ሞተሮች ናቸው፣ አንዱ በሌላው ጀርባ ከነፋስ እየተከለለ ስለሚሮጥ አስር ልጆች ተደርድረው መጨረሻው መታጠፊያ ሊደርሱ ይችላሉ። ማን እንደሚያሸንፍ ገምታችሁ ብር አታስይዙ።

ፉክክር ብቻ ለሚፈልግ ወርልድ ሱፐርባይክም አለ፣ ሱቅ ከሚሸጡት ሞተሮች በተሠሩ ማሽኖች፣ በአንድ ቅዳሜና እሁድ ሦስት ውድድር። ቱርካዊው ቶፕራክ በቢኤምደብሊው የ2024ንም የ2025ንም ዋንጫ ሲወስድ፣ የኋላ ጎማው አየር ላይ እያለ ፍሬን ይዞ ሲቀድም ማየት ሌላ ነገር ነበር። "አይል ኦፍ ማን" በምትባለው የብሪታንያ አካባቢ ደሴት የሚካሄደውን ቲቲ የተባለ ውድድር ግን ለማንም አልመክርም። ከ1907 ጀምሮ ያለ ውድድር ነው፣ አሁን የሚሮጡበት አንዱ ዙር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ተራ የመኪና መንገድ ነው፣ ግራና ቀኙ የድንጋይ አጥር። ብዙ ሰው ሞቶበታል። እኔ ራሴ አያለሁ፣ ግን በጣቶቼ መሃል።

በ2027 የሞቶጂፒ ሞተር ከ1000 ወደ 850 ሲሲ ይወርዳል፣ ሞተሩ ላይ ያሉት የአየር ክንፎች ይቀንሳሉ፣ ሞተሩን ወደ መሬት ዝቅ የሚያደርገው መሣሪያም ይታገዳል። ያኔ እሁድን እንደገና እገመግማታለሁ። እስከዚያ የእኔ እሁድ ሞቶ3ን አይቶ መነሳት፣ ለዋናው ደግሞ የመጨረሻዎቹ ስምንት ዙሮች ላይ መመለስ ነው።