የመኪና አካል በፋይበር ግላስ ማሠራት ለምትፈልጉ

ዛሬ አንድ ባለሙያ ላመሰግን ነው። የመኪናዬ የፊት ፓራውልት የታችኛው ክፍል ተሰብሮ ምትኩ ጠፍቶ ነበር። ዕቃው መመረት ካቆመ ቆይቷል። የጠየቅኳቸው ሁሉ ተስፋ አስቆርጠውኛል። ይሄ ሰው ግን አገላብጦ አየና "በፎም ቅርጹን አውጥተን እንሠራዋለን" አለኝ። የበርና የመስኮት ክፍተት የሚሞላበት፣ ከጣሳው ሲወጣ የሚነፋው ፎም ማለቱ ነው።

ከሁሉ በፊት ቀለሙን ሸፈነ። የወረቀት ፕላስተር፣ ከላዩ ፎይል፣ ዙሪያውን ላስቲክ። "ፎሙ እርጥብ እያለ በአሴቶን ይጠረጋል፤ ከደረቀ ግን ተፍቆ እንጂ አይለቅም" አለኝ።

ፎሙን በአንዴ አልከመረውም። ስስ አድርጎ ይነፋል፣ ውሃ ረጨት ያደርግበታል፣ ይጠብቃል፣ ይደግማል። የሚደርቀው በእርጥበት ስለሆነ ወፍራም ከተደረገ ውስጡ ጥሬ ይቀራል። ያ ጥሬ በኋላ ሲቆረጥ እንደገና ይነፋና ቅርጹን ያበላሻል። "ዛሬውኑ አይቆረጥም?" ብለው በጄ አላለም። አሳደረው።

ጥበቡን ያየሁት ሲቀርጸው ነው። መጋዝ፣ ቢላ፣ ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት። የግራውን ጎን ከጨረሰ በኋላ ልኩን በካርቶን ቆርጦ ወሰደ፤ ካርቶኑን ገልብጦ በቀኙ ላይ አስጠጋው። ትንሽ ብርሃን ካሳለፈ ይፍቃል፣ መልሶ ይለካል። እኔ በዓይኔ የማልለየውን ልዩነት እሱ በእጁ ዳብሶ ያገኘዋል። እንዲህ ለሥራው የሚሳሳ ሰው ማየት ደስ ይላል!

የፎሙን ቀዳዳዎች በስቱኮ ደፍኖ አለሰለሰ፣ ሰም ቀባ፣ ከዚያ በላዩ የፋይበር ግላስ ሞልድ (ዕቃው የሚወጣበት ቅርጽ) አወጣ። ዕቃው የተሠራው በዚያ ሞልድ ውስጥ ነው። ራሳችሁ ለምትሞክሩ አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ የቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ የሚገባውን ነጭ ፎም እንዳትጠቀሙ። ፋይበር ግላሱ የሚነከርበት የፖሊስተር ሬዚን (ሲደርቅ የሚጠነክር ፈሳሽ) ሲነካው ያቀልጠዋል። የሚነፋው ፎም ፖሊዩረቴን ስለሆነ ይችለዋል። ጓንትና ማስክም አይቅር፤ እሱ እኔን እንኳ ያለ ማስክ አላስጠጋኝም።

ሲገጠም በየብሎኑ ቀዳዳ ልክ ገባ። ሞልዱንም "ወደፊት ቢሰበር ሌላ ይወጣበታል" ብሎ ሳልጠይቀው አስረከበኝ። ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ!

ለነገ ድረስልኝ ለሚል ሰው አይሆንም፤ ጊዜውን ይወስዳል። ጥራት የሚፈልግ ግን ዓይኑን ጨፍኖ ይስጠው። ስልኩን በአደባባይ መለጠፍ ስላልወደደ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ።